ዲቪአይ ወይስ ቀጥታ ፒዲኤፍ? በቴክና በላቴክ ከመሳሪያ ነፃ ስለመሆንና አብረው ስለሚመጡ አቅሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴክ በትዕዛዝ የተጻፈ ጽሑፍን ገጽ አቀናብሮ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው፣ ላቴክ በሱ ላይ የተሠራ የትዕዛዞች ስብስብ ነው፣ ዲቪአይ ደግሞ ቴክ ገጹን ሠርቶ ሲጨርስ የሚያወጣው ፋይል ነው። በቴክ ወይ በላቴክ መመረቂያ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ የሒሳብ ወረቀት ምናምን የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምስሌ አልገባ አለ፣ ከለሩ ጠፋ፣ ሊንኩ ከህዳግ ወጣ፣ ወረቀቱ ተዛነፈ... ላይ ላዩን ሲታዩ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ግን ምንጫቸው አንድ ነው፣ የቱን ሥራ ኢንጂኑ (መስመርና ገጽ የሚያሰላው ዋናው ፕሮግራም) ይሠራል የቱን ደግሞ ከሱ በኋላ የሚመጣው ፕሮግራም ይሠራል የሚለው ነገር ነው። እሱ ከገባችሁ ግማሹን ችግር ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሌላ ደግሞ የቴክ ፈጣሪ ስሙ መጨረሻ ላይ በኛ "ኽ" ድምፅ እንዲነበብ ነው የፈለገው፣ ሰው ሁሉ ቴክ ስለሚል ግን እኔም ቴክ እያልኩ እቀጥላለሁ።

"ከመሳሪያ ነፃ" ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

መስመሩ የት ይሰበራል፣ ገጹ የት ያልቃል፣ እያንዳንዱ ፊደል የት ቦታ ይቀመጣል የሚለውን የሚወስነው ማነው፣ ሶፍትዌሩ ነው ወይስ ፕሪንተሩ? ሶፍትዌሩ ሁሉን ወስኖ ከጨረሰና ፕሪንተሩ የተነገረውን ቦታ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ሥራው፣ ጽሑፉ ከመሳሪያ ነፃ ነው እንላለን። የድሮ ወርድ የተጠቀመ ሰው ተቃራኒውን በደንብ ያውቀዋል። የፊደሎቹን ስፋት ከተመረጠው ፕሪንተር ነበር የሚወስደው፣ ስለዚ ስንት ሰዓት ፈጅታችሁ ያስተካከላችሁትን 40 ገጽ ሌላ ፕሪንተር ያለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት መስመሮቹ ተንሸራተው 41 ገጽ ይሆናል፣ ማውጫው ይሳሳታል፣ አንድ ርዕስ ብቻውን ገጽ ግርጌ ላይ ቀርቶ ታገኙታላችሁ።

ከዛ በፊት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። ጆ ኦሳና በ1973 ዩኒክስ ላይ የሠራው ትሮፍ የሚባለው ፕሮግራም የተጻፈው ሲኤቲ ለሚባል ለአንድ የፎቶ ማተሚያ ማሽን ነበር። ማሽኑ በአንድ ጊዜ 4 ፎንት ብቻ ነው የሚይዘው፣ እያንዳንዱም 102 ምልክት፣ ትሮፍም ይሄንን ልክ በውስጡ ይዞት ነበር። ኦሳና በ1977 ሲሞት፣ ማሽኑም እያረጀ ሲሄድ፣ ፕሮግራሙን ለሌላ ማሽን ማዋል ከባድ ሆነ። ከዛ ብራያን ከርኒሃን ነው ኮዱን ይዞ ለየትኛውም ማሽን ሊተረጎም የሚችል መካከለኛ ውጤት እንዲያወጣ አድርጎ ያስተካከለው። አንድ ማሽን ላይ ተማምኖ መገንባት ዋጋው ስንት እንደሆነ እንደዚህ ታሪክ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ የለም።

ቴክ ታዲያ ይሄንን እንዴት አደረገው?

ዶናልድ ክኑት ቴክን በ1977 እና 78 ጀመረው፣ በ1982 ደግሞ እንደገና ከባዶ ጻፈው። ዋናው ነገር መለኪያው ነው። ቴክ ውስጥ ትንሿ መለኪያ ስኬልድ ፖይንት ትባላለች፣ 65536ቱ ተደምረው 1 ፖይንት ይሆናሉ፣ 72.27 ፖይንት ደግሞ 1 ኢንች ነው። ስታሰሉት አንዷ 5.4 ናኖሜትር ገደማ ትሆናለች። አይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር አካባቢ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚ የትኛውም ፕሪንተር ከዚህ በላይ ጥራት ስለኖረው ቴክ ያሰላው ቦታ ሸካራ ነው ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ መስመር የት ይሰበር ገጽ የት ይቆረጥ የሚለውን ውሳኔ የሚነካ ስሌት በሙሉ በሙሉ ቁጥር ነው የሚሠራው። በነጥብ ቁጥር ቢሆን አንዱ ማሽን እንዲህ ሌላው እንዲያ ያጠጋጋና ውጤቱ ይለያያል። እኔ ቴክን የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም፣ ያኔ የተጻፈ ፋይል ፎንቶቹና ማክሮዎቹ (ቀድመው የተጻፉ የትዕዛዝ ስብስቦች) እስካሉ ድረስ ዛሬ ያው መስመር ላይ ነው የሚሰበረው።

ዲቪአይ ፋይል ውስጥ ምንድነው ያለው?

ዲቪአይ ማለት ስሙ ራሱ "ከመሳሪያ ነፃ" ማለት ነው፣ ፎርማቱን የነደፈው ዴቪድ ፉክስ ነው በ1979። ከፍታችሁ ብታዩት የሚገርመው ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደያዘ ነው። ይሄን ፎንት ያዝ፣ ይሄን ፊደል አስቀምጥ፣ ይሄን ያህል ወደ ቀኝ ሂድ፣ ይሄን ያህል ወደ ታች ውረድ፣ እዚህ ጋ ጥቁር አራት ማዕዘን ሙላ፣ ያለህበትን ቦታ መዝግብ፣ ወደ መዘገብከው ተመለስ፣ ገጽ ጀመረ፣ ገጽ አለቀ። በቃ ይሄው ነው። ኮድ 139 ገጽ ጀመረ ነው፣ 140 ገጽ አለቀ።

የሌለውን ማወቅ ደግሞ ካለው በላይ ይጠቅማል። ፎንቱ የለም፣ ስሙና መጠኑ እና አንድ ማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ምስል የለም። ከለር የለም። ዘመም ያለ መስመር የለም፣ ጥምዝም የለም፣ ማዞር የለም። ሊንክ የለም። የወረቀቱ መጠን እንኳን የለም! አንቀጽ የቱ ነው ርዕስ የቱ ነው የሚል ነገርም የለም፣ ቃል ከቃል የሚለየው ክፍተት ራሱ "ይሄን ያህል ወደ ቀኝ ሂድ" ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ከሌለ ድሮ ሰው ምስልና ከለር እንዴት ያስገባ ነበር?

በስፔሻል። ክኑት አንድ በር ትቶ ነው የሄደው፣ ስፔሻል የምትባል ትዕዛዝ። ውስጧ የጻፋችሁትን ማንኛውንም ነገር ቴክ ሳያነብ ሳይገባው እንዳለ ዲቪአዩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዛ በኋላ ዲቪአዩን ወደ ፖስትስክሪፕት (ገጽን ለፕሪንተር የሚገልጽ ቋንቋ) ወይ ወደ ስክሪን ወይ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የምንለው፣ አንብቦ ከገባው ያደርገዋል፣ ካልገባው ያልፈዋል።

በዛ ዘመን ይሄ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ፖስትስክሪፕት የወጣው በ1984 ነው፣ ፒዲኤፍ በ1993። ክኑት ቴክን ሲጽፍ ከለር እንዴት ይገለጻል ምስል በምን ፎርማት ይገባል የሚል የጋራ ስምምነት አልነበረም። ያኔ አንዱን መርጦ ቴክ ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ትሮፍ ሲኤቲ ላይ እንደተጣበቀው ነበር የሚጣበቀው። ፕሮግራሙን ደግሞ ከ1990 ወዲህ ስህተት ከማረም በስተቀር አይነካውም፣ የቨርዥን ቁጥሩ ራሱ ወደ ፓይ እየተጠጋ ነው የሚሄደው፣ አሁን 3.141592653 ላይ ነው።

ግን እኮ ስፔሻል ከመሳሪያ ነፃነቱን ያፈርሰዋል፣ አይደል?

አዎ ያፈርሰዋል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ወደ ፖስትስክሪፕት የሚቀይረው ድራይቨር ዲቪአይፒኤስ የሚገባው ስፔሻል አለ፣ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ዲቪአይፒዲኤፍኤምኤክስ የሚገባው ሌላ ነው፣ የስክሪን ማሳያው ኤክስዲቪአይ ደግሞ የተወሰነውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚ ፋይሉ "ከመሳሪያ ነፃ" ተብሎ ውስጡ ግን "ይሄን ድራይቨር ብቻ ተጠቀም" የሚል ነገር ተቀብሮበታል። ጽሑፉና ሒሳቡ የትም ይታያል፣ ምስሉና ከለሩ ግን በድራይቨሩ ፈቃድ ነው። አንዳንድ ሰዎች በዚ ምክንያት የዲቪአይ ነፃነት ውሸት ነው ይላሉ፣ እኔ አልስማማም። የመስመር አሰባበሩ፣ የገጽ አቆራረጡ፣ የሒሳቡ አቀማመጥ አሁንም ከየትኛውም ድራይቨር ጋ ያው ነው። የጠፋው ቀለሙ ነው እንጂ ቤቱ ቆሟል።

ታዲያ የቱ ነገር ኢንጂኑ ውስጥ መሠራት አለበት፣ የቱ ለድራይቨር ይተው?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ለኔ መልሱ አንድ መመዘኛ ነው፣ ነገሩ መስመር የሚሰበርበትን ቦታ ይነካል ወይስ አይነካም? ከነካ ኢንጂኑ ውስጥ መሆን አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ ሲደርስ መስመሩ ተሰብሮ አልቋል። ካልነካ ለድራይቨር ቢተው ምንም አይጎዳም።

እንሞክረው። ከለር፣ ቀይ ፊደል ከጥቁር ፊደል አይሰፋም፣ ስለዚ ለድራይቨር። ምስል፣ ኢንጂኑ ስፋቱንና ቁመቱን ብቻ ነው ማወቅ ያለበት፣ የዛን ያህል ባዶ ሳጥን ይተዋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚሳል ድራይቨሩ ይወቅ። ህዳግ ላይ ነጠላ ሰረዝን ትንሽ ወደ ውጪ ማውጣት ወይ መስመሩ እንዲሞላ ፊደሎቹን አይን በማያየው መጠን መለጠጥ ግን የመስመሩን ስሌት ራሱን ይቀይረዋል፣ ስለዚ የግድ ኢንጂን። ፊደሎች እየተያያዙ ቅርፅ የሚቀይሩባቸው ጽሕፈቶች፣ እንደ አረብኛ ያሉት፣ እነሱም ቅርፁ ስፋቱን ስለሚቀይር ኢንጂን።

ሊንክ መሀል ላይ ነው ያለው፣ ለዛም ነው ብዙ ሰው የሚቸገርበት። ሊንክ መስመሩን አይነካውም ግን መስመሩ የት እንደተሰበረ ማወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ሁለት መስመር ላይ ከተከፈለ የሚነካው ቦታም ሁለት መሆን አለበት። በዲቪአይፒኤስ መንገድ ይሄ አይሠራም፣ ሊንኩ ሁለት መስመር ላይ እንዳይከፈል ይደረጋል፣ ለዛ ነው ረጅም የድረ ገጽ አድራሻ ከህዳግ አልፎ የሚወጣባችሁ። ቀጥታ ፒዲኤፍ የሚጽፈው ኢንጂን ፒዲኤፍቴክ ግን መስመሩን ራሱ ሰብሮ ሊንኩንም ራሱ ስለሚጽፍ ለየመስመሩ ለየብቻ ያደርገዋል።

ፒዲኤፍቴክ ከቴክ በምን ይለያል?

ቬትናማዊው ሃን ቴ ታን ብርኖ ማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ የጀመረው ነው፣ የዶክትሬት ሥራው በ2000 ያለቀ ሲሆን ከላይ ያልኩት ህዳግ ላይ ምልክት ማውጣትና ፊደል መለጠጥ የሱ ነው። ኢንጂኑ የክኑትን ቴክ ይዞ መጨረሻ ላይ ዲቪአይ ከመጻፍ ፋንታ ፒዲኤፍ ይጽፋል። ፎንቱን ራሱ ፋይሉ ውስጥ ያስገባል፣ ፒኤንጂና ጄፔግ ከፍቶ መጠናቸውን ያነባል፣ ሊንክና የጎን ማውጫ ያወጣል፣ የወረቀት መጠን ያውቃል። ሁሉም አብሮ የተሠራ ነው፣ ሌላ ፕሮግራም መጥራት የለም።

ግን አብሮ ስለተሠራ ብቻ የተሻለ ይሆናል ማለት አይደለም። ከለርን እንይ። ዲቪአይፒኤስ ከለሩን በቁልል (የመጨረሻው የገባው መጀመሪያ በሚወጣበት መዝገብ) ይዞ ከገጽ ገጽ ያሻግረዋል። ፒዲኤፍቴክ ግን ለረጅም ጊዜ እንደዛ አይነት ቁልል አልነበረውም፣ ቀይ አንቀጽ ጀምራችሁ ገጹ መሀል ላይ ሲያልቅ ቀጣዩ ገጽ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀጥል ነበር። በ1.40 ቨርዥን ነው የከለር ቁልል የተጨመረለት። የድሮ መፍትሔ እየፈለጋችሁ ስለዚ ችግር ብዙ ካነበባችሁ ቀኑን እዩት፣ አብዛኛው ዛሬ አያስፈልግም።

ፒዲኤፍ ራሱ ከመሳሪያ ነፃ አይደለም እንዴ? ለምን እናወዳድራለን?

ነው! ምናልባት ከዲቪአይም በላይ፣ ምክንያቱም ፎንቱንና ምስሉን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ ተቀባዩ ጋ ምንም ነገር መኖር የለበትም። በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል፣ ቁጥሩ አይኤስኦ 32000። ስለዚ ውጤቱን ለሰው መስጠት ከሆነ ጉዳዩ፣ ክርክር የለውም፣ ፒዲኤፍ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሶርሱ ጋ ነው፣ እናንተ የጻፋችሁት ፋይል ጋ። ፒዲኤፉ የትም ይከፈታል፣ ሶርሱ ግን የአንድ ኢንጂንን ውስጣዊ ትዕዛዝ በቀጥታ እየጠራ የተጻፈ ከሆነ ከዛ ኢንጂን ውጪ አይሠራም። ይሄ በተግባር የታየ ነው፣ ሉዋቴክ የሚባለው ሌላ ኢንጂን በ2016 ቨርዥን 1.0 ሊሆን ሲል ከፒዲኤፍቴክ የወረሳቸውን የፒዲኤፍ ትዕዛዞች ስማቸውን ቀየራቸው፣ እነሱን በቀጥታ የጠሩ ሶርሶችና ፓኬጆች (ላቴክ ላይ የሚጨመሩ የማክሮ ጥቅሎች) ስህተት ማውጣት ጀመሩ፣ የድሮውን ስም የሚመልስ መሸጋገሪያ ፓኬጅ እስከ መሠራት ደርሷል። ሰው ከመሳሪያ ነፃነት ሲባል ስለ ፕሪንተር ብቻ ነው የሚያስበው፣ አሁን ግን ጥገኝነቱ ከፕሪንተር ወደ ኢንጂን ነው የዞረው።

ላቴክ ብዬ ሳዘው ዲቪአይ ይወጣል፣ ፒዲኤፍላቴክ ስለው ፒዲኤፍ። ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው?

በዛሬ ስርጭቶች (ቴክና አጋዥ ፕሮግራሞቹ አብረው የሚጫኑበት ጥቅል) ላይ አይደሉም። አንድ ፒዲኤፍቴክ ነው፣ አንዱ ላይ የውጤት ቅንብሩ 0 ነው ሌላው ላይ 1።

ምስሌ አልገባ አለ፣ መጠኑን ማወቅ አልቻልኩም ይለኛል

ይሄ በብዛት የምጠየቀው ነው። ዲቪአይ መንገድ ላይ ሆናችሁ ፒኤንጂ ወይ ጄፔግ አስገብታችኋል ማለት ነው። ቀደም ብዬ ኢንጂኑ የምስሉን መጠን ብቻ ነው የሚፈልገው ብያለሁ፣ ግን መጠኑን ከየት ያምጣው? ዋናው ቴክ ጽሑፍ የሆነ ፋይል ብቻ ነው ማንበብ የሚችለው። ኢፒኤስ፣ ማለትም በፖስትስክሪፕት የተጻፈ ምስል፣ ጽሑፍ ስለሆነና አናቱ አካባቢ የድንበሩ ልክ በአራት ቁጥር ስለሚጻፍ የላቴክ ማክሮ አንብቦ ያገኘዋል። ፒኤንጂ ግን ባይነሪ ነው፣ ተከፍቶም አይነበብም። ምስሉ ምንም አልሆነም፣ የተበላሸ ነገር የለም፣ አንባቢው ነው የሌለው።

መፍትሔው እንደ መንገዳችሁ ነው። በዲቪአይፒኤስ የምትሄዱ ከሆነ ምስሉን ወደ ኢፒኤስ ቀይሩት። በዲቪአይፒዲኤፍኤምኤክስ ከሆነ መጠኑን አውጥቶ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ የሚጽፍ መሳሪያ አብሮት ይመጣል፣ ኤክስትራክትቢቢ ይባላል። ወይ ደግሞ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍላቴክ ዙሩ፣ እሱ ፒኤንጂ ጄፔግና ፒዲኤፍ ይቀበላል፣ ኢፒኤስን ግን በራሱ አያውቅም፣ አዳዲስ ስርጭቶች ላይ ከጀርባ ወደ ፒዲኤፍ ስለሚቀየርላችሁ ነው የሚቀበል የሚመስለው።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ፣ የምስሉን ስም ስትጽፉ ኤክስቴንሽኑን ተዉት፣ ስሙን ብቻ ጻፉ። ላቴክ ያለበትን መንገድ አይቶ የሚስማማውን ራሱ ይፈልጋል፣ ሁለቱንም አይነት ፎልደሩ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ሶርሱን ሳትነኩ በሁለቱም መንገድ ይሠራል።

ድራይቨሩን ፓኬጁ ላይ በእጄ ልጻፈው?

ኢንጂናችሁ ፒዲኤፍቴክ፣ ዜቴክ፣ ሉዋቴክ ከሆነ አትጻፉ፣ ራሱ ያውቀዋል። ዲቪአይ ከሆነ ግን ኢንጂኑ ከሱ በኋላ የትኛው ድራይቨር እንደሚመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ዲቪአይፒኤስ ነው ብሎ ነው የሚገምተው፣ ስለዚ ሌላ ከሆነ መናገር አለባችሁ። ስትናገሩ ደግሞ የዶክመንቱ ክላስ (ፋይሉ አናት ላይ የጽሑፉን ዓይነት የሚናገረው መስመር) ላይ አንዴ ጻፉት፣ ሁሉም ፓኬጅ ከዛ ይወስዳል። ምስል የሚያስገባው ግራፊክስ ፓኬጅ አንዱን ሊንክ የሚሠራው ሃይፐርሬፍ ሌላውን ይዞ የሄደበት ፋይል ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል፣ ምስሉ ይገባል ሊንኩ ይሞታል፣ ምክንያቱ አይታይም።

ሳተም ጽሑፉ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ተገፍቶ ይወጣል፣ ስክሪን ላይ ግን ደህና ነው

የወረቀት መጠን ነው። ዲቪአይ ውስጥ የወረቀት መጠን የለም ብያለሁ፣ ያለው መነሻ ነጥብ ብቻ ነው፣ ከግራ 1 ኢንች ከላይ 1 ኢንች፣ 25.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። ድራይቨሩ ኤፎር ነው ብሎ ካሰበ 210 በ297 ሚሊሜትር፣ ሌተር (የአሜሪካኖቹ ወረቀት) ነው ብሎ ካሰበ 215.9 በ279.4። በቁመት የ17.6 ሚሊሜትር ልዩነት አለ፣ ፕሪንተሩ ደግሞ "ልክ እንዲሆን አስተካክል" ላይ ከሆነ ያሳንሰዋል። ጂኦሜትሪ የሚባለውን ፓኬጅ ከተጠቀማችሁና ወረቀቱን ከነገራችሁት መጠኑን በስፔሻልም ሆነ በፒዲኤፍ ቅንብር ይልክላችኋል። ክላሱ ላይ ኤፎር ብላችሁ መጻፍ ብቻውን የጽሑፉን ስፋት ያስተካክላል እንጂ መጠኑ እስከ ድራይቨሩ መድረሱን አያረጋግጥም።

ፒዲኤፉ ስክሪን ላይ ፊደሉ ደብዝዞ ይታያል፣ ሳሳድገው ይቆራረጣል

ፎንቱ በነጥብ የተሠራ ነው። ሜታፎንት የሚባለው የክኑት የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም የሚያወጣቸው ፎንቶች ለአንድ ጥራት የተሰሉ ናቸው፣ ለ300 ወይ ለ600 ነጥብ በኢንች። የሚያሳዝነው ነገር ይሄ ነው፣ ዲቪአዩ ከመሳሪያ ነፃ ሆኖ ፎንቱ መሳሪያ ላይ የታሰረ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ፕሪንተር የየራሱ ይሰላ ነበር። ወረቀት ላይ ሲታተም በጣም ያምራል፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ሲቀበር ግን ያ የ600 ነጥብ ስሌት አብሮ ይቀበራል። በ1997 ኮምፒውተር ሞደርን የሚባሉት የቴክ መደበኛ ፎንቶች በጥምዝ መልክ በነፃ ከተለቀቁ ወዲህ ይሄ መከሰት የለበትም። የሚከሰተው አብዛኛውን ጊዜ የፎንት ኢንኮዲንግ (የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ሰንጠረዥ) ቀይራችሁ የጥምዝ ቅጂው ሳይጫን ሲቀር ነው፣ ላቲን ሞደርን የሚባለውን ፎንት ጥሩ፣ ችግሩ ይፈታል።

በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የቱን ልምረጥ?

ዜቴክ ወይ ሉዋቴክ። ዋናው ቴክ በአንድ ፎንት ከ256 ምልክት በላይ አይዝም፣ የግዕዝ ፊደል ከነርባታው ከዛ ያልፋል፣ ስለዚ ድሮ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍሎ በማክሮ ማገጣጠም ነበረ። ጥፋቱ የዲቪአይ አይደለም፣ ዲቪአይ የአንድን ፊደል ቁጥር እስከ 4 ባይት ድረስ መጻፍ ይችላል፣ ጠባቡ ቴክና የፎንት መለኪያ ፋይሉ ናቸው። ጃፓኖች ኢንጂኑን አስፍተው ዲቪአዩን ከሞላ ጎደል እንዳለ መጠቀማቸው ይሄንን ያሳያል።

ዜቴክን ጆናታን ኪው ነው የሠራው፣ በ2004 ወጣ። ዩኒኮድ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ፎንት በስሙ ይጠራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ዜቴክ ቀጥታ ፒዲኤፍ አይጽፍም፣ መጀመሪያ የተስፋፋ ዲቪአይ ነው የሚያወጣው፣ ከዛ ድራይቨር ከጀርባ ተጠርቶ ፒዲኤፍ ያደርገዋል። ማለትም መስመሩን የሚነካው የፊደል ቅርፅ ሥራ ኢንጂኑ ውስጥ፣ የማይነካው ድራይቨሩ ጋ። ለኔ ከሁሉም ንፁህ አከፋፈል ይሄ ነው።

ሶርሴ ወደፊት እንዳያስቸግረኝ እንዴት ልጻፍ?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ወደ 70 የሚጠጋ ስዕል ያለበት የፊዚክስ መማሪያ በዲቪአይፒኤስ መንገድ ሠርቼ ነበር፣ ስዕሎቹን በሙሉ በፒኤስትሪክስ፣ ማለትም ፖስትስክሪፕት በስፔሻል እየላከ የሚስል ፓኬጅ ነው። በጣም ቆንጆ ነበሩ። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ሁለተኛ እትም ሲጠየቅ ሊንክ ያለው ፒዲኤፍ ተፈለገ፣ በፒዲኤፍላቴክ አስኬድኩት። ጽሑፉ አንድ መስመር ሳይዛነፍ ወጣ፣ 70ውም ስዕል ግን ባዶ ነው። ባዶው ቦታ መጠኑ ልክ ነው፣ ውስጡ ምንም የለም፣ ሎጉ ላይ ደግሞ "የፒዲኤፍ ያልሆነ ስፔሻል ታልፏል" የሚል መስመር ተደርድሯል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ እያንዳንዱን ለየብቻ ወደ ፒዲኤፍ ለመቀየር።

ከዛ ወዲህ የምከተለው ነገር አለ። ሶርሱ ውስጥ ስፔሻልም ሆነ የኢንጂን ውስጣዊ ትዕዛዝ በቀጥታ አልጽፍም፣ የግድ ካስፈለገ አንድ የራሴ ትዕዛዝ ፈጥሬ ፕሪአምብሉ (ከጽሑፉ በፊት ያለው የቅንብር ክፍል) ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲቀየር እዛ ጋ ብቻ ይቀየራል። ከለርና ምስል ሁልጊዜ በላቴክ የጋራ ትዕዛዞች፣ እነሱ ከሥር ለየድራይቨሩ የየራሱን ኮድ ይመርጣሉ። ለስዕል ቲክዝ የሚባለውን ፓኬጅ እጠቀማለሁ፣ ምክንያቱም እሱም ከሥሩ ለየድራይቨሩ የተለየ ፋይል አለው፣ ያው ኮድ በሁሉም መንገድ ይወጣል። ፒኤስትሪክስ የሚችለውን ሁሉ ቲክዝ አይችልም፣ ይሄ እውነት ነው፣ ያን አቅም በጣም የምትፈልጉት ከሆነ ስዕሉን ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ ሥሩትና ውጤቱን እንደ ምስል አስገቡት። መጽሐፉን ከመጨረሴ በፊት ደግሞ አንዴ በሌላ ኢንጂን አስኬደዋለሁ፣ ለመጠቀም ሳይሆን ምን እንደሚሰበር ለማየት።

ዲቪአይ ሞቷል ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ጃፓን ውስጥ ፒቴክና ዩፒቴክ የሚባሉት ኢንጂኖች አሁንም ዲቪአይ ያወጣሉ፣ ከዛ በዲቪአይፒዲኤፍኤምኤክስ ፒዲኤፍ ይሆናል። ዲቪአይኤስቪጂኤም የሚባለው ደግሞ ዲቪአይን ወደ ኤስቪጂ (ሲያሳድጉት የማይደበዝዝ የድረ ገጽ ምስል) ይቀይራል፣ ሒሳብ ድረ ገጽ ላይ እንደ ጥርት ያለ ምስል ለማውጣት በጣም ጥሩ ነው። ለዕለት ሥራ ግን ቀጥታ ፒዲኤፍ የሚያወጣውን ተጠቀሙ፣ ዲቪአይን የሚጠይቅ የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ ራሳችሁን አታድክሙ።

ሶርሱ ጠፍቶብኝ የድሮ ዲቪአይ ፋይል ብቻ ነው የቀረኝ፣ ማዳን ይቻላል?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። መጀመሪያ ዲቪአይታይፕ በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱት፣ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ትዕዛዝ በሙሉ በሚነበብ ጽሑፍ ይዘረዝረዋል፣ ዝርዝሩ ውስጥ የተጠቀመባቸውን ፎንቶች ስም ታገኛላችሁ። እነዛ ፎንቶች ዛሬ ባለው ስርጭት ውስጥ ካሉ በዲቪአይፒዲኤፍኤምኤክስ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየራል። ድራይቨሩ የማረጋገጫ ቁጥሩ አልገጠመም ካለ ፎንቱ ስሙ ያው ሆኖ ይዘቱ ተቀይሯል ማለት ስለሆነ የወጣውን ገጽ ገጽ በገጽ አንብቡት፣ በተለይ የሒሳብ ምልክቶቹን። ከዛ ዝርዝሩ ውስጥ ስፔሻል የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ፣ የምስል ፋይል ስም ካያችሁ ያ ምስል ዲቪአዩ ውስጥ የለም፣ ከሌላ ቦታ መገኘት አለበት።